ድንበር ከመግፋት በፊት፦ በምስጢር በተቆለፈ ዲስክ ላይ የክፍልፋዮች ሽግሽግ እንዴት ይደረጋል?



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጽሑፍ መነሻው የራሳችን ስሕተት ነው። እኛ አምስት ዕጩ መምህራን ለልምምድ ማስተማር ወደ ሮቢት ወጥተን ነበር። ሮቢት ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ የማሽላና የጤፍ አገር መሆኗን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እዚያ በነበርንበት ጊዜ አንድ ላፕቶፕ በእጃችን ነበር። በውስጡ የምናስተምራቸው ልጆች ውጤት፣ የቀሪ መዝገብ፣ እንዲሁም ስለ አንዳንድ ልጆች የቤት ችግር የጻፍነው ማስታወሻ ይገኛል። ይህ ሁሉ የተቀመጠው በይለፍ ሐረግ ብቻ በሚከፈት፣ በምስጢር በተቆለፈ የዲስክ ክፍል ውስጥ ነበር።

ችግሩ የመጣው ልጆቹ በዚሁ ኮምፒዩተር ትምህርታዊ ፊልም ማየት ሲጀምሩ ነው። ፊልሞቹም ተቀምጠው የነበሩት በተቆለፈው ክፍል ውስጥ ስለነበረ፣ ልጆቹ በመጡ ቁጥር ከእኛ አንዱ እየሮጠ መክፈት ነበረበት። ከከፈተም በኋላ የልጆቹ ውጤት ለሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። ይኼ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ የተቆለፈውን ክፍል አጥብበን፣ ከጎኑ ለተማሪዎች የሚሆን ክፍት ቦታ ለማውጣት ወሰንን። የግማሽ ቀን ሥራ መስሎን ነበር። ሙሉ ሳምንት ፈጀብን፤ ያውም ከኪሳራ ጋር። እንግዲህ ምን እንደ ሆነና እንዴት መሆን እንደ ነበረበት በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

ሀ) ክፍልፋይ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድን ዲስክ እንደ አንድ ሰፊ ማሳ እንውሰደው። ማሳው ለሦስት ወንድማማቾች ሲከፈል አፈሩ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ድንበሩ ነው። በዲስክም ላይ እንደዚሁ ነው። ዲስኩ «ሴክተር» በሚባሉ ትናንሽ እርከኖች የተከፋፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሴክተር ተራ ቁጥር አለው። የሴክተር መጠን በተለምዶ 512 ባይት ሆኖ ይቆጠራል። ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) ማለት እንግዲህ «ከዚህ ቁጥር ሴክተር እስከዚህ ቁጥር ሴክተር ያለው ቦታ የእገሌ ነው» የሚል ጽሑፍ ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የሚቀመጥበት መዝገብ የክፍልፋይ ሠንጠረዥ ይባላል። የቀድሞው ዓይነት «ኤምቢአር» ሲሆን ከ4 በላይ ዋና ክፍልፋይ አይዝም፤ በ512 ባይት ሴክተርም ከ2 ቴራባይት ትንሽ ከፍ እስከሚል ዲስክ ድረስ ብቻ ይሠራል። አሁን በብዛት የሚሠራበት «ጂፒቲ» ነው። ይኸኛው በተለምዶ 128 ክፍልፋይ ለመመዝገብ የሚበቃ ቦታ አለው። መዝገቡንም በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ጽፎ ሌላ ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ድንበር ማለት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ከሆኑ፣ ድንበርን መግፋት የዐይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅም። ኮምፒዩተሩ «በዚህ ቦታ ላይ እህል አለ፣ ቤት አለ» ብሎ ሳይጠይቅ ቁጥሩን ይቀይራል። የሚያስፈራውም ይኸው ቀላልነቱ ነው።

ለ) በምስጢር መቆለፍስ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ኮምፒዩተሬ ሲከፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ስለዚህ ተቆልፏል» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ተራ የይለፍ ቃል በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው። ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ ሰው ዘበኛውን ሳያገኝ በጓሮ ይገባል። ምስጠራ ግን የተጻፈውን ጽሑፍ ራሱን ወደማይነበብ ቅርጽ መለወጥ ነው። ሌባው ዲስኩን ቢነቅልም የሚያገኘው ትርጉም የለሽ ቁጥር ብቻ ነው።

በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ የተለመደው የምስጠራ ሥርዓት «ሉክስ» ይባላል፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣ ሲሆን የነደፈው ክሌመንስ ፍሩቪርት ነው። ጽሑፉን ለመለወጥ በብዛት የሚጠቀምበት ስሌት «ኤኢኤስ» ይባላል። እሱንም ያወጡት ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት የቤልጅግ ሰዎች ሲሆኑ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት መመዘኛ ሆኖ ጸድቋል።

አሠራሩን በጥሞና ብናየው ጥሩ ነው። ዲስኩን የሚቆልፈው እኛ የምንጽፈው የይለፍ ሐረግ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ራሱ በዕጣ የፈጠረው አንድ ረጅም ዋና ቁልፍ አለ። የእኛ ሐረግ ሥራው ያንን ዋና ቁልፍ ከተቀመጠበት ትንሽ ሣጥን ማውጣት ነው። ይህ ሣጥን «ሄደር» ይባላል፤ የሚገኘውም በክፍልፋዩ መጀመሪያ ላይ ነው። በአሁኑ «ሉክስ 2» ላይ ሄደሩ እንደ ተለመደው 16 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ለተለያዩ ሰዎች የተለያየ ሐረግ ለመስጠት የሚያገለግሉ የቁልፍ ማስቀመጫዎችም አሉት፤ በቀድሞው ዓይነት 8፣ በአዲሱ እስከ 32 ይደርሳሉ። ሄደሩ ከተበላሸ ሐረጉን በቃል መያዝ ምንም አይጠቅምም። መክፈቻ ኖሮን ጓጉንቸሩ እንደ ጠፋብን ያህል ሳይሆን፣ ቁልፉ የተቀመጠበት ሣጥን እንደ ተቃጠለ ያህል ነው።

ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ ሴክተር የሚመሰጠረው ከራሱ ተራ ቁጥር ጋር ተቆራኝቶ ነው። ተራ ቁጥሩ የሚቆጠረው ከሄደሩ ቀጥሎ ከሚጀምረው ቦታ ነው። በመሆኑም የክፍልፋዩን መጨረሻ ማንቀሳቀስ ሲቻል፣ መጀመሪያውን በቁጥር ብቻ ማንቀሳቀስ ሁሉንም ያዛባል። ሄደሩ ከተባለበት ቦታ ይጠፋል፤ ቆጠራውም ይፋለሳል። መጀመሪያውን ማንቀሳቀስ የግድ ካስፈለገ ሄደሩንና ውስጡን በሙሉ ወደ አዲሱ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። ይህም ሰዓታት ይፈጃል፤ በመካከሉ መብራት ከሄደ ደግሞ አደጋ ነው።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ሳይቆለፍ ቢቀመጥስ?» የሚል ይኖራል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ ሲገባ፣ በነሐሴ 2014ም ቆቦ እንደገና ስትያዝ ያየነውን አንረሳውም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተራቸው ተወስዷል፤ መዝገባቸውም ጠፍቷል። የሕፃናት ስም፣ የወላጅ ስም፣ የቤት ችግር በማን እጅ እንደ ወደቀ አይታወቅም። አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰውን የግል መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። መምህር ደግሞ ከማንም በላይ የሰው ልጅ መረጃ በእጁ ይገባል። ስለዚህ መቆለፉ ቅንጦት አይደለም።

ሐ) ቅደም ተከተሉ፦ እህሉ፣ ጎተራው፣ አጥሩ

የተቆለፈ ክፍልፋይ አንድ ነገር ሳይሆን እርስ በርሱ የተካተተ ሦስት ነገር ነው። ከውጭ ሲታይ ክፍልፋዩ አለ፤ እርሱን አጥር እንበለው። በአጥሩ ውስጥ በምስጢር የተቆለፈው ዕቃ አለ፤ እርሱ ጎተራው ነው። በጎተራው ውስጥ ፋይሎቻችንን የሚያደራጀው «ፋይል ሲስተም» አለ፤ እርሱ እህሉ ነው። በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ በጎተራውና በእህሉ መካከል «ኤልቪኤም» የተባለ አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ ጎተራውን በውስጥ በኩል በየክፍሉ እንደሚከፍል ግድግዳ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሕጉን መገንዘብ አያዳግትም።

ለማጥበብ ከውስጥ ወደ ውጭ እንሄዳለን። በመጀመሪያ እህሉን እንሰበስባለን፤ ቀጥሎ ጎተራውን እናሳንሳለን፤ በመጨረሻ አጥሩን እናስገባለን። አጥሩን ቀድሞ ያስገባ ሰው ጎተራውን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ እህሉም በውጭ ይቀራል።

ለማስፋት ከውጭ ወደ ውስጥ እንመጣለን። አጥሩን ቀድመን እናሰፋለን፤ ጎተራውን ቀጥለን እናሳድጋለን፤ በመጨረሻ እህሉን እንዘረጋለን። ቦታ ሳይኖር እህል የሚዘረጋ ማን አለ?

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር እናንሣ። ሉክስ በተለምዶ የራሱን መጠን በሄደሩ ውስጥ በቁጥር አይጽፍም፤ «እስከ አጥሩ ጫፍ ያለው የእኔ ነው» ይላል እንጂ። ስለዚህ ክፍልፋዩ ከተቀየረ በኋላ ተዘግቶ በሐረጉ ሲከፈት አዲሱን መጠን ራሱ ያገኛል። ሳይዘጋ መጠኑን ማስተካከል ለሚፈልግ ደግሞ «ክሪፕትሴትአፕ» የተባለው ፕሮግራም «ሪሳይዝ» የሚል ትእዛዝ አለው።

ሁሉም ፋይል ሲስተም እኩል እንዳልሆነም እንወቅ። በኡቡንቱ የተለመደው «ኢኤክስቲ 4» በሥራ ላይ እያለ ሊሰፋ ይችላል፤ ለመጥበብ ግን ከሥራ መነሣት አለበት። «ኤክስኤፍኤስ» የተባለው ይሰፋል እንጂ እንደ ልብ አይጠብም። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት የእኛ የትኛው እንደ ሆነ እናጣራ።

መ) ስሕተታችን፦ በየትኛው ቁና?

እኛ ይህን ቅደም ተከተል አጥንተን ነበር። ከውስጥ ወደ ውጭም ሄደናል። ታዲያ ምን ነካን?

ዲስካችን 500 ጊጋባይት ነበር። የተቆለፈው ክፍል 400 ጊጋባይት ያህል ሲሆን፣ ለሁለት እኩል ለመክፈል አሰብን፤ 200 ለእኛ፣ 200 ለተማሪዎች። በመጀመሪያ ፋይል ሲስተሙን የሚያጠብበውን ፕሮግራም «200 ጂ አድርገው» አልነው። አደረገው። ቀጥለን ድንበሩን በሚቆርጠው ፕሮግራም ክፍልፋዩን 200 ጊጋባይት አደረግነው። አደረገው። ተጨበጨበ። ወዲያው በተረፈው ቦታ ላይ አዲስ ክፍልፋይ ፈጠርን፣ ፎርማት አደረግን፣ ሁለት ፊልም ጫንን። ከዚያ በኋላ የተቆለፈውን ልንከፍት ስንሄድ ሐረጉን ተቀበለ፤ ፋይሎቹን ግን እምቢ አለ። ያወጣው መልእክት በአጭሩ «የፋይል ሲስተሙ መጠን ከተቀመጠበት ዕቃ ይበልጣል» የሚል ነበር።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተፋጠጥን። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ አምፖሉ እስካሁን ለምን እንደ በራ ሊያዩ መጡ። «ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን። እኛም አባባ፣ 200 ሰፍረን አስገባን፣ 200 ሰፍረን ቆረጥን፣ ግን አልገጥም አለ ብለን አስረዳናቸው። ትንሽ አሰቡና «ሁለቱንም ጊዜ የሰፈራችሁት በአንድ ቁና ነው?» አሉ።

እርስ በርሳችን ተያየን። መልሱ እዚያ ነበር።

«ጊጋባይት» የሚባለው መለኪያ ሁለት ነው። አንዱ በአሥር ቤት የሚቆጠር ሲሆን 1,000,000,000 ባይት ነው። ሌላው በሁለት እጥፍ እየተባዛ የሚመጣ ሲሆን 1,073,741,824 ባይት ነው፤ በትክክለኛ ስሙ «ጊቢባይት» ይባላል። ልዩነቱ በመቶ 7 ያህል ነው። ዲስክ የሚሸጡት በትንሹ ቁና ይሰፍራሉ፤ ለዚህም ነው 500 የተባለ ዲስክ በአንዳንድ ኮምፒዩተር ላይ 465 ሆኖ የሚታየው። ማንም አልሰረቀንም፤ ቁናው ነው የተለያየው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ፋይል ሲስተሙን ያጠበበው ፕሮግራም «ጂ» ሲባል የሚገባው ትልቁ ቁና ነው።

200 × 1,073,741,824 = 214,748,364,800 ባይት

ድንበሩን የቆረጠው ፕሮግራም ደግሞ በትንሹ ቁና ሰፈረ።

200 × 1,000,000,000 = 200,000,000,000 ባይት

ልዩነቱ 14,748,364,800 ባይት ነው። የሄደሩ 16 ሜጋባይትም በላዩ አለ። በአጭሩ ከ14 ጊጋባይት በላይ የሆነውን የጎተራችንን ጀርባ ቆርጠን ለጎረቤት ሰጥተናል።

እዚህ ላይ አንባቢያን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንፈልጋለን። ጉዳቱ የደረሰው በተቆረጠበት ሰዓት አይደለም። ድንበር ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ በዚያች ሰዓት የቀድሞውን ቁጥር መልሰን ብንጽፍ ኖሮ አንዲት ፍሬ አትጠፋም ነበር። ጉዳቱ የመጣው በተቆረጠው መሬት ላይ ወዲያው ስላረስንበት ነው። ፎርማቱና ሁለቱ ፊልሞች በትክክል ያረፉት በዚያ በተቆረጠው ጀርባ ላይ ነበር። በኋላ ድንበሩን ወደ ነበረበት ብንመልስም፣ የታረሰው ታርሷል። ከ6 የውጤት ፋይሎች 4ቱን አገኘን፤ 2ቱ ተበላሽተዋል። የሁለት ክፍል ልጆችን ውጤት ከወረቀት ላይ እንደገና ስንገለብጥ ሳምንቱ አለቀ። ወረቀቱ ባይኖር ምን ይዋጠን ነበር? «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው በእኛ ላይ ደረሰ።

ሠ) እንዴት መሆን ነበረበት?

በኋላ ሥራውን እንደገና ስንሠራው የተከተልነው መንገድ የሚከተለው ነው። ከኢኤክስቲ 4 ጋር ለሚሠራና የኮምፒዩተሩ ዋና ሥርዓት ለማይገኝበት የተቆለፈ ክፍልፋይ ያገለግላል። ዋናው ሥርዓት ራሱ በተቆለፈው ውስጥ ካለ፣ የሚያጠብብ ሰው ኮምፒዩተሩን ከፍላሽ ላይ በተጫነ ሊኑክስ አስነሥቶ መሥራት አለበት፤ የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ መቁረጥ አይቻልምና።

1ኛ) መጠባበቂያ ቅጂ። ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ እንገለብጣለን። ገልብጠንም አንተኛም፤ ከቅጂው ላይ ጥቂት ፋይሎችን ከፍተን እናያለን። ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። የሄደሩንም ቅጂ ለብቻው እናወጣለን። ነገር ግን የሄደር ቅጂ ከነቁልፍ ማስቀመጫው ስለሆነ፣ ሐረጉን ያወቀ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ አይቀመጥ።

2ኛ) ወረቀትና እስክሪብቶ። የእያንዳንዱን ክፍልፋይ መጀመሪያና መጨረሻ ሴክተር ቁጥር በወረቀት ላይ እንጽፋለን። ኮምፒዩተሩ ውስጥ መጻፍ አይበቃም፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ነው ቀዶ ጥገና የምናካሂደው።

3ኛ) መብራት። የላፕቶፑ ባትሪ መሙላቱን እናረጋግጣለን፤ ቻርጀሩንም ሰክተን እንጀምራለን። ባትሪው የሞተ ኮምፒዩተር ላይ ይህን ሥራ አንጀምርም። መብራት መጥቶ እስኪጸና መጠበቅ ይሻላል።

4ኛ) ምርመራ። የተቆለፈውን በሐረጉ እንከፍታለን፤ ፋይል ሲስተሙን ግን ከሥራ እናነሣለን። ከዚያ ሙሉ ምርመራ እናደርግለታለን። የታመመ ፋይል ሲስተም አይጠበብም።

5ኛ) ከልክ በታች ማጥበብ። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ክፍልፋዩን 200 ጊጋባይት የምናደርግ ከሆነ ፋይል ሲስተሙን በትክክል 200 አናደርግም፤ ዝቅ አድርገን 180 ጊቢባይት እናደርገዋለን። ይህም 193,273,528,320 ባይት ነው። ከ200,000,000,000 በታች ስለሆነ ለሄደሩም ለጥንቃቄም ቦታ ይተርፋል።

6ኛ) ድንበሩን በሴክተር መቁረጥ። የተቆለፈውን እንዘጋለን። ከዚያ መጀመሪያውን ሳንነካ መጨረሻውን ብቻ እንቀይራለን። ሒሳቡን በጊጋባይት ሳይሆን በሴክተር እንሥራው፤ ሴክተር አንድ ቁና ብቻ ነው ያለው። 200,000,000,000 ባይት ለ512 ሲካፈል 390,625,000 ሴክተር ይሆናል። መጀመሪያው ሴክተር 195,313,664 ከሆነ፣ መጨረሻው 195,313,664 + 390,625,000 − 1 = 585,938,663 ነው። አንዷን መቀነስ አንርሳ፤ መጀመሪያው ራሱም ይቆጠራልና። «ፓርትድ» የተባለው ፕሮግራም የሚጠይቀን የክፍልፋዩን መጠን ሳይሆን በዲስኩ ላይ የሚያበቃበትን ቦታ መሆኑንም ልብ እንበል።

7ኛ) ሳያርሱ መሞከር። በተረፈው ቦታ ላይ ምንም ሳንፈጥር የተቆለፈውን እንደገና እንከፍታለን። ፋይል ሲስተሙን እንመረምራለን። ጤነኛ ከሆነ መጠን ሳንሰጠው እንዲሰፋ እናዘዋለን፤ እሱም እስከ ጎተራው ጫፍ ራሱ ይሞላል። በዚህ ዓይነት 5ኛው ላይ ያተረፍነው ቦታ አይባክንም። ከዚያ ፋይሎችን ከፍተን እናያለን። እምቢ ካለ የወረቀቱን ቁጥር መልሰን እንጽፋለን፤ ምንም አልጠፋም።

8ኛ) አሁን ማረስ። ሁሉ ነገር ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ በተረፈው መሬት ላይ አዲሱን ክፍልፋይ እንፈጥራለን።

እነዚህን 8 ነጥቦች በሁለተኛው ጊዜ ስንፈጽም አንድ ከሰዓት በኋላ በቃን።

ረ) ዊንዶውስ ላይ ለሚሠሩ

አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ዊንዶውስ ነው። በእሱ ላይ ያለው ምስጠራ «ቢትሎከር» ሲሆን፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ለሰፊው ተጠቃሚ የደረሰ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ከ2024ቱ የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ በአዲስ መልክ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ምስጠራው ባለቤቱ ሳያዝዝ ይጀምራል። ስለዚህ «የእኔ አልተቆለፈም» ብሎ ከመማል በፊት ማየት ነው።

ዊንዶውስ የራሱ «ዲስክ ማኔጅመንት» የተባለ መሣሪያ አለው። የተከፈተን የቢትሎከር ክፍል ማጥበብም ማስፋትም ይችላል፤ እህሉንና ጎተራውን ራሱ ያስማማል። ሦስት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አንደኛ፣ 48 አኀዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ቀድሞ በወረቀት መያዝ። ኮምፒዩተሩ በክፍልፋዮቹ ላይ ለውጥ ሲያይ ሊጠይቀው ይችላልና። ሁለተኛ፣ ሥራው እስኪያልቅ ቢትሎከሩን ለጊዜው ማስቆም፤ ማጥፋት ሳይሆን ማስቆም። ሦስተኛ፣ ማስፋት የሚቻለው ከክፍልፋዩ ቀጥሎ በስተቀኝ ባዶ ቦታ ካለ ብቻ መሆኑን ማወቅ። በመካከል የመልሶ ማግኛ ክፍልፋይ ቆሞ ከሆነ፣ የጎረቤት መሬት ተሻግሮ ማረስ አይቻልም።

ሰ) አለመንካትም ሙያ ነው

ከኮምፒዩተር ክፍል ጓደኞቻችን ጋር ስንወያይ አንድ ነገር ተገነዘብን። ብዙ ጊዜ «ቦታ ጠበበኝ» የሚል ሰው ሽግሽግ አያስፈልገውም። ለምሳሌ በሊኑክስ ላይ «ቡት» የተባለው ትንሽ ክፍልፋይ ሳይቆለፍ ለብቻው ይቀመጣል። አሮጌ ከርነሎች ሲከማቹበት ይሞላና ማሻሻያ አልጫንም ይላል። መድኃኒቱ ድንበር መግፋት ሳይሆን አሮጌዎቹን ማስወገድ ነው። ኤልቪኤም ያለበት ኮምፒዩተር ላይም አንዱን ክፍል አጥብቦ ለሌላው ማስፋት የሚቻለው በጎተራው ውስጥ ስለሆነ፣ አጥሩን ጨርሶ መንካት አያስፈልግም። ጎተራውን ጠርጎ ቦታ ማግኘት እየተቻለ አጥር ማፍረስ ምን ያደርጋል?

ስለ ይለፍ ሐረግም አንዲት ምክር እንጨምር። ከእኛ አንዷ ጓደኛችን ሐረጓን በአማርኛ ፊደል ልታደርግ አስባ ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ ኮምፒዩተር ያውቀዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ ሐረጉን በሚጠይቅበት ሰዓት የአማርኛ መጻፊያው አልተነሣም። በዚያን ጊዜ ሐረጉን የሚያውቅ ሰው ደጅ ይቀራል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገርን በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላል፤ ረጅም ሆኖም ለማስታወስ አያስቸግርም።

በመጨረሻም

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ዋና ዓላማችን ስለ ዲስክ ብቻ መናገር አልነበረም። ነገ እኛ ወደየቀበሌው ስንመደብ፣ በብዙ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የሚያስተካክል ባለሙያ አናገኝም። «አንተ ተምረህ መጥተሃል፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ተብሎ የሚሰጠን ለእኛው ነው። በዚያች ሰዓት በእጃችን ያለው የብረት ዕቃ ሳይሆን የልጆች ውጤት ነው። አንድ ልጅ በልፋቱ ያገኘውን ውጤት በእኛ ቁና መዛባት ሊያጣ አይገባም። በሮቢት ያገኘናቸው ልጆች ፈተናውን ተፈትነው ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዲፈተኑ ልንጠይቃቸው አንችልም ነበር። ያዳነን የወረቀት መዝገቡ ነው።

ስለዚህ ቀድሞ መቅዳት፣ በአንድ ቁና መለካት፣ ከማረስ በፊት መሞከር። ሦስቱን የያዘ አይወድቅም፤ ቢወድቅም ይነሣል።

ስሕተት ካገኛችሁብን፣ ወይም የተሻለ መንገድ የምታውቁ ካላችሁ፣ እርማታችሁን ጽፋችሁ ከጋዜጣው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን። በሚቀጥለው እትም ከነምስጋናው እናወጣዋለን።